ሳማ ሳይነካኝ የሚለበልበኝ በዘር የመጣ ይሆን?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የቆዳ ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ካለፈው መስቀል ሰሞን ጀምሮ፣ አሁን ስምንት ወር ሊሞላኝ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ ወዲያውም ሳማ እንደ ለበለበው ሰው ጭኔ፣ ወገቤና ክንዴ ላይ ያብጣል። ጠዋት ስነሣ ግን አንድም ምልክት የለም፤ ሐኪም ዘንድ ስደርስ የማሳየው ነገር እያጣሁ አፍራለሁ። ሁለት ጊዜ ከንፈሬ አብጦ ነበር። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቲማቲምና በርበሬ ትቻለሁ፤ ለፋሲካ እንኳ ዶሮ ወጥ አልቀመስኩም፤ ለውጥ ግን የለም። ሲብስብኝ ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ መርፌ እወጋለሁ፤ ጥቂት ቀን ይተወኝና ይመለሳል። ስቶክሆልም የምትኖረው እኅቴ ከስዊድናዊ ባለቤቷ የወለደችው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ችፌ ያስቸግረዋል። በቅርቡ በተደረገለት የዘረመል ምርመራ «ፊላግሪን» የሚባል የቆዳ ፕሮቲን ጉድለት እንዳለበት ተነገራት። እኅቴ «ያንቺም ከዚሁ ነው፤ በዘራችን ያለ ነው፤ ብሩን እኔ እልካለሁ ተመርመሪ» ትለኛለች። የእኔ ሕመም ከልጁ ጋር አንድ ነው? ምርመራውስ ይጠቅመኛል?
ት. ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንደ ጻፉልን ከሆነ የእርስዎና የእኅትዎ ልጅ ሕመሞች የተለያዩ ናቸው፤ የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ማሳከካቸው ነው። የልጁ ችፌ ነው። የእርስዎን ደግሞ እኛ ሐኪሞች ኡርቲካሪያ እንለዋለን፤ ስሙ ራሱ የላቲኑ የሳማ ስም ነውና፣ እርስዎ ሳማን ጠቅሰው ሲጽፉልን የሕመሙን ስም በአማርኛ መጻፍዎ ነበር። ሽፍታው እየመጣ እየሄደ ከስድስት ሳምንት ካለፈ ሥር የሰደደ ይባላል። ከመቶ ሰዎች አንዱን ያህል የሚይዝ ሕመም ሲሆን ሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

እኅትዎ የነገሩዎት ፕሮቲን የት እንደሚሠራ ማየቱ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። ከቆዳችን ሁሉ ውጭ ያለው ሽፋን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚደርሱ የሞቱ ሕዋሳት ተደራርበው የሠሩት፣ አብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ላይ ከወረቀት የቀጠነ ግድግዳ ነው። በሕዋሳቱ ውስጥ ኬራቲን የሚባሉ ክሮች አሉ። ፊላግሪን እነዚህን ክሮች ሰብስቦ ያስራል፤ የጭቃ ቤት ሲሠራ ማገሩን ከቋሚው ጋር የሚያስረውን ልጥ ያስታውሱ። ከልጥ የሚለየው ማሰሩን ከጨረሰ በኋላም ሥራ ያለው መሆኑ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይፈራርስና ውኃ ወደሚይዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለወጣል፤ ቆዳው እንዳይደርቅና በመጠኑ አሲድነት እንዲኖረው የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የፊላግሪን ዘረመል መሐል ላይ የሚያቋርጥ ለውጥ ሲኖረው ግን ፕሮቲኑ ይጎድላል፣ ወይም ከሁለቱም ወላጅ የተወረሰ ከሆነ ጨርሶ ይጠፋል። ያኔ ከውስጥ ውኃው ይተንናል፤ ከውጭ ደግሞ ሳሙናው፣ አቧራውና አለርጂ የሚቀሰቅሰው ነገር ሁሉ ይገባል።

በእ.ኤ.አ. 2006 በስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ በአየርዊን ማክሊን የተመራው ቡድን ይህን ዘረመል የሚያቋርጡ ሁለት ለውጦች እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚሰነጣጠቅ ደረቅ ቆዳ እንደሚያስከትሉ አሳየ፤ በዚያው ዓመት ለውጦቹ ለችፌም እንደሚያጋልጡ ታወቀ። ከአውሮፓውያን ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከእንዲህ ዓይነት ለውጦች አንዱን ይይዛል። የልጁ አባት ስዊድናዊ መሆናቸውን ሳነብ ቆም ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉድለቱ ከአባቱ ወገን መጥቶ ሊሆን ይችላልና «በዘራችን ያለ» የሚለው ድምዳሜ ከመነሻው መረጋገጥ ያለበት ነው። መዳፍ አንባቢ አይበሉኝ እንጂ፣ ይህን ለመገመት የሚረዳ ቀላል ነገር አለ። የዘረመል ለውጡን የያዙ ብዙ ሰዎች በአውራ ጣታቸው ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ በበርካታ ጥልቅ መስመሮች የተሸነሸነ ነው፤ ቅልጥማቸው በጥቃቅን ቅርፊት ይሸፈናል፤ የላይኛው ክንዳቸው በስተኋላ በኩል ሲዳሰስ እንደ ሞረድ ይሻክራል። እኅትዎ የባለቤታቸውንና የራሳቸውን መዳፍ ጎን ለጎን ቢያዩ ሳይከፍሉ ፍንጭ ያገኛሉ፤ እርስዎም የራስዎን ይመልከቱ።

የእርስዎ ሕመም ግን የሚጀምረው ከግድግዳው በታች ነው። በታችኛው የቆዳ ክፍል በደም ሥሮች ዙሪያ ማስት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ሂስታሚን በተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የታጨቁ ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ሲቀሰቀሱ ከረጢቶቹን በአንድ ጊዜ ያራግፋሉ፤ ሂስታሚኑ ነርቭን ነክቶ ያሳክካል፣ ደም ሥርን አስፍቶ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ቆዳውም ይነፋል። ፈሳሹ ተመልሶ ሲመጠጥ ቆዳው እንደ ነበረ ይሆናል። ጠዋት ምልክት የማይተርፍዎ ለዚህ ነው፤ የላይኛው ቆዳ አልተጎዳምና የሚቀር ጠባሳም ሆነ ቅርፊት የለም። ችፌ እንዲህ አይደለም፤ አንዴ የያዘውን የክርን ወይም የጉልበት እጥፋት ለሳምንታት አይለቅም፤ ያቆስላል፣ ያወፍራል፣ ያጠቁራል።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ዛሬ ማታ ሲያብጥብዎ አንዱን እብጠት በእስክሪብቶ ዙሪያውን ያስምሩና ሰዓቱን አጠገቡ ይጻፉ። በማግስቱ ጠዋት የቀለሙ ክብ ባዶ ሆኖ፣ ምናልባት ሌላ እብጠት ሌላ ቦታ ወጥቶ ካገኙት ኡርቲካሪያ ነው። እብጠቱ በክቡ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ የሚያቃጥልና የሚያም ከሆነ፣ ሲጠፋም እንደ ሰንበር የጠቆረ ምልክት ከተወ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል ከቆዳው ትንሽ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል። እብጠቱ ሲወጣ ደግሞ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ እምብዛም ስለማይታይ መብራቱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ያድርጉት፤ ጥላው እብጠቱን ያወጣዋል። ይህን ይዘው ከመጡ፣ ያለ እብጠት ቢደርሱም ሐኪምዎ ያምንዎታል።

ስለዚህ የፊላግሪን ጉድለት የተለመደው ሥር የሰደደ ኡርቲካሪያ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። በዘርና በዚህ ሕመም መካከል የተገኘው ግንኙነት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል፤ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ዘበኛው፣ ማለትም ወደ በሽታ መከላከያ ሥርዓታችን። በእ.ኤ.አ. 1999 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ሰውነታቸው በራሱ ላይ ተነሥቶ ኡርቲካሪያ የያዛቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ አንድ ዓይነት የመከላከያ ዘረመል እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። በአንድ ዘረመል ብቻ የሚመጡ ብርቅዬ ዓይነቶችም አሉ። በእ.ኤ.አ. 2012 በየትውልዱ ብርድ ሲነካቸው የሚያብጣቸው ቤተሰቦች ሕመም ፒ.ኤል.ሲ.ጂ. 2 በሚባል ዘረመል ለውጥ እንደሚመጣ ተደረሰበት። በእ.ኤ.አ. 2016 ደግሞ በሊባኖሳውያን ቤተሰቦች ላይ፣ ቆዳቸው ሲርገበገብ፣ ለምሳሌ በፎጣ ጠንከር ተደርጎ ሲታሸ፣ የሚነሣ ኡርቲካሪያ መንሥኤው ኤ.ዲ.ጂ.አር.ኢ. 2 የተባለ ዘረመል ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የሚሠሩት በመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ማስት ሕዋስ በትንሽ ንቅናቄ ከረጢቱን እንዲያራግፍ ያደርገዋል። ከግድግዳው ዘረመሎች መካከል ከኡርቲካሪያ ጋር በቅርብ የሚነሣው የኔዘርተን ሕመም ነው። የቆዳ ሕዋሳት ያለ ጊዜያቸው እንዳይላቀቁ የሚከላከል ፕሮቲን በዘር ሲጎድል የሚመጣ ሲሆን፣ ዘረመሉ በእ.ኤ.አ. 2000 ታውቋል። እነዚህ ልጆች ግን ሲወለዱ ጀምሮ ቆዳቸው የቀላና የሚላጥ፣ ፀጉራቸው እንደ ቀርከሃ አንጓ እያወጣ የሚሰበር ነው፤ የኡርቲካሪያው እብጠት በዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ነው። በ34 ዓመትዎ በድንገት የጀመረዎት ሕመም ከዚህ ጋር አይገናኝም።

የእርስዎ ዓይነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ሰውነት ራሱን ሲከስ ነው። በአንዳንዶች ደም ውስጥ በማስት ሕዋስ ላይ ያለውን ተቀባይ፣ ማለትም ሕዋሱን የሚቀሰቅሰው ነገር የሚያርፍበትን ቦታ፣ እንደ ጠላት የሚያይ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ይገኛል። የታማሚውን የራሱን የደም ውኃ በጥቂቱ ክንዱ ቆዳ ውስጥ መልሰን ብንወጋ ከታማሚዎቹ ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ላይ እዚያው ያብጣል። በዚህ ምክንያት ነው ከምግብ ዝርዝር ይልቅ የእንቅርት ምርመራ የማዝዘው፤ የታይሮይድ እጢን የሚያጠቃው ተመሳሳይ ጥፋት ከኡርቲካሪያ ጋር አብሮ መታየቱ የተለመደ ነውና። የተሟላ የደም ቆጠራና፣ በአገራችን ሁኔታ፣ የሰገራ ምርመራ ቢጨመር ይበቃል። ይህን ካደረጉ በኋላ የአለርጂ መቶ ዓይነት ዝርዝር እናውጣልዎ የሚል ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

የዘረመል ምርመራውንም የማልመክርዎ ለዚሁ ነው፤ ውጤቱ እንዲህም ሆነ እንዲያ ሕክምናዎን አይለውጥም። ሌላም ምክንያት አለ። በአውሮፓ የተለመዱት ለውጦች በሌላው ዓለም የተለመዱ አይደሉም፤ ጃፓንና ቻይና የራሳቸው አላቸው። በእ.ኤ.አ. 2011 በታተመ፣ የጎንደርና የስዊድን ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት የኢትዮጵያውያን የችፌ ታማሚዎች የፊላግሪን ዘረመል ሲመረመር፣ የታወቁት የአውሮፓ ለውጦች አልተገኙም፤ የተገኘው ቀድሞ ያልታወቀ አንድ ለውጥ ብቻ ነበር። እዚህም ችፌ ሞልቷል፤ ግድግዳውን የሚያላላው ምክንያት ግን በአብዛኛው ሌላ ነው ማለት ነው። ለአውሮፓውያን የተዘጋጀ የተለመዱ ለውጦች መፈለጊያ ተጠቅሞ ኢትዮጵያዊትን «ነጻ ነሽ» ማለት በማያውቁት ሰፈር ቤት ፈልጎ እንደ ማጣት ነው። ዘረመሉ ራሱ ረጅምና አንድ ዓይነት ቁራጭ አሥር፣ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ጊዜ የሚደጋገምበት ስለሆነ ሙሉውን ማንበብም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ስለ መርፌው በግልጽ ልናገር። እንዲህ ላለው ሽፍታ በየክሊኒኩ የሚወጋው ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ እብጠቱን ቶሎ ያጠፉታል፣ ውጤታቸው ሲያልቅ ይመለሳል፣ ሲደጋገሙ ደግሞ ስኳር ያስነሣሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ። እጅግ ሲብስ ለጥቂት ቀናት በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ እንጂ ለስምንት ወር ሕመም መኖሪያ አይሆኑም። የተወጉት ምን እንደሆነ ክሊኒኩን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

ትክክለኛው የመጀመሪያ መድኃኒት እንቅልፍ የማያበዛ ፀረ ሂስታሚን ነው፤ እንደ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ያለ፣ ለአዋቂ 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሲያሳክከን ብቻ በመዋጥ ነው። መድኃኒቱ ሂስታሚን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ የሚሠራ ስለሆነ፣ እብጠቱ ከወጣ በኋላ መዋጥ እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ወንበሩን ለመያዝ መሮጥ ነው። በየቀኑ፣ ደኅና በሆኑበት ቀንም፣ ይውሰዱት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ካልበቃ ሐኪምዎ መጠኑን እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ በራስዎ ግን አያሳድጉት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ኩላሊት የሚያምዎ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ። በዚህም ካልተገታ በየአራት ሳምንቱ 300 ሚሊ ግራም የሚወጋ ኦማሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው በእ.ኤ.አ. 2014 ነው። ዋጋው ከባድ ነው፤ ደግነቱ አብዛኛው ታማሚ እዚያ ሳይደርስ ይረጋጋል። ሕክምናውን ለመመዘን ለሰባት ቀን ማታ ማታ ለእብጠቱ ከ0 እስከ 3፣ ለማሳከኩም ከ0 እስከ 3 ነጥብ እየሰጡ ይመዝግቡ፤ የሳምንቱ ድምር ከ42 ስንት እንደሆነ ይዘው ሲመጡ «ትንሽ ተሽሎኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ ብዙ ይነግረናል።

ዶሮ ወጡን ይመለሱበት። በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ለወራት የሚመላለስ ኡርቲካሪያ በምግብ አለርጂ መምጣቱ ብርቅ ነው፤ የምግብ አለርጂ ቢሆን በበሉ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በበሉት ቁጥር ይታወቅዎት ነበር። ይልቅ የሚያባብሱ መድኃኒቶችን ይጠንቀቁ፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ለወገብ ሕመም በየቦታው የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ከታማሚዎቹ በብዙዎች ላይ ሽፍታውን ያስነሣሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። የከንፈርዎ ማበጥም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ ኢናላፕሪል፣ ይወስዳሉ? እሱ ብቻውን ከንፈርና ምላስ ሊያሳብጥ ይችላል፤ የሚወስዱ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩና ያስቀይሩ። ምላስዎ ወይም ጉሮሮዎ ካበጠ፣ ድምፅዎ ከተለወጠ ወይም መተንፈስ ካቃተዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቅርብዎ ወዳለው የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ሕመሙ በብዙዎች ላይ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት እሠራለሁ። ዕቃና መጸዳጃ ቤት በማጠብ ብዛት እጄ ተሰነጣጥቋል። እጄን ላድን ብዬ የጎማ ጓንት ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ባጠለቅሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የእጄ ጀርባ እስከ አንጓዬ በእብጠት ይሞላል፤ ስለ ፊላግሪን የሰማሁትም ከጓደኛዬ ነው። የእኔስ የዘር ነው?
ሀ. ከዱባይ

መልስ፦ እኅቴ፣ ከላይ ለአዳማዋ ጠያቂያችን «ግድግዳው አይደለም» ብዬ ነበር፤ የአንቺ ግን ግድግዳው የሚጠየቅበት ነው። በደቂቃዎች የሚነሣው፣ ጓንቱ በነካው ቦታ ላይ የሚያብጠው የንክኪ ኡርቲካሪያ ይባላል። ከጎማ ዛፍ የሚገኘው ላቴክስ የራሱ ፕሮቲኖች አሉት፤ ጤናማ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ያግዳቸዋል። በሳሙናና በበረኪና የተሰነጣጠቀ እጅ ግን በር የተከፈተለት ያህል ያስገባቸዋል፤ ሰውነት ይለያቸውና አለርጂ ያበጃል፤ ከዚያ ወዲያ ጓንቱ በነካሽ ቁጥር ማስት ሕዋሱ ይፈነዳል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በዘርም በሥራም ይከፈታል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ችፌ ወይም ደረቅ ቆዳ ከነበረብሽ የዘሩ ድርሻ ሊኖር ይችላል፤ ካልነበረብሽ በቀን አሥር ጊዜ የሚነከር እጅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አሠሪዎችሽ የናይትራይል ወይም የቪኒል ጓንት እንዲገዙልሽ ጠይቂ፤ ከውስጡ ቀጭን የጥጥ ጓንት ይኑር፣ ላብ ሲያረጥበው ይቀየር። ከሥራ ስትነሺ እጅሽን ሳታሺ ውኃውን ጠረግ አድርገሽ ገና ትንሽ ርጥበት እያለው ቫዝሊን ቀቢው፤ ማታ ስትተኚ ወፈር አድርጊው። ሽታ ያለው ሎሽን በስንጥቁ ያቃጥልሻል፤ የወይራ ዘይትም፣ ብዙ ሰው ቢያመሰግነውም፣ በእ.ኤ.አ. 2013 በወጣ ጥናት የቆዳውን ግድግዳ ሲያዳክም ታይቷልና ይቅርብሽ። ስንጥቁ ካልተዘጋ ለችፌው ሐኪም የሚያዝዘው ቅባት ያስፈልግሻል።

ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም ኪዊ ስትበዪ አፍሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ እንደ ዘበት አትለፊው፤ የላቴክስና የእነዚህ ፍሬዎች ፕሮቲኖች ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ፊኛ የሚነፉበት የልደት ግብዣ ላይም ተጠንቀቂ። ለቀዶ ሕክምና፣ ለወሊድ ወይም ጥርስ ለማስነቀል የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ጓንቱን ከማጥለቁ በፊት ላቴክስ እንደማይስማማሽ ንገሪው፤ በአረብኛ በወረቀት አስጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ብትይዢው ቋንቋው ቢያስቸግርሽም ያግዝሻል።